በሰከንድ ስልሳ ሥዕል

የእኔን ሱቅና የጋሼ ማኅተምን ሱቅ የሚለያቸው አንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው። እኔ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ እሳቸው ማኅተም ይቀርጻሉ። ሲያስነጥሱ ከወዲህ ማዶ «ይማርዎት» እላለሁ፤ እኔ ከደንበኛ ጋር ድምፄን ከፍ ካደረግሁ ደግሞ ግድግዳውን ሁለቴ ቆርቆር ያደርጉልኛል፣ ዝም በል ማለታቸው ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረናል። ይሁንና ዘመዳቸው አይደለሁም፤ የሰው ቤት ጉዳይ ውስጥ ጥልቅ ማለትም አይሆንልኝም። ሰው ፊቴ ሲያለቅስ የት እንደማይ ግራ የሚገባኝ ዓይነት ነኝ፤ ሽቦ ማየት ይሻለኛል። በዚህኛው ጉዳይ የገባሁት ተጠርቼ ነው።

«ጋሼ ማኅተም» የሰፈሩ ሰው ያወጣላቸው ስም ነው። ቁመታቸው አጠር፣ ትከሻቸው ሰፋ ያለ፣ ቀኝ ዓይናቸው ዙሪያ ማጉያ መነጽሩ ያተመው ክብ ምልክት ያለባቸው ሰው ናቸው። ፊታቸውን መሥሪያ ቤት አጽድቆታል እያልን እንቀልድባቸዋለን፤ እሳቸውም «ፊርማው ነው የቀረው» ይላሉ።

ዛሬ ማኅተም ማሠራት ቀላል ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ሦስት ቤቶች ማሽን አላቸው፤ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ የሄደ ሰው ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ የጎማ ማኅተሙን ተቀብሎ ይወጣል። ወደ ጋሼ የሚመጡት ነሐስ የሚፈልጉ ናቸው፤ ያረጁ ማኅበራት፣ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች፣ ቢሯቸውን ከአባታቸው የወረሱ ጠበቆች።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። ባለቤታቸው እትዬ ይነድፋሉ፣ ጋሼ ይቀርጻሉ። እትዬ በወጣትነታቸው ካርታ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ውስጥ መስመር ነዳፊ ነበሩ። ነሐሱ ስስ ነጭ ቀለም ይቀባል፤ ሲደርቅ እትዬ በሾለ እርሳስ ፊደሎቹን ገልብጠው ይጽፉበታል፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ፣ ያለ መስታወት፣ እኔ ስሜን ከምጽፍበት ፍጥነት ባላነሰ። ከዚያ ጋሼ ነሐሱን በሞርሳ አስረው፣ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው፣ በመቅረጫ መስመሩን ይከተላሉ። ይከተላሉ ነው ያልኩት፤ አያነቡም። ቀራጭ ፊደሉን ማንበብ ከጀመረ ማረም ይጀምራል፣ ማረም ከጀመረ ደግሞ በአንድ ፊደል ላይ የሁለት ሰው እጅ ይታያል ብለው ያስተማሯቸው ሰውዬ በኩርኩም ነው ያስተማሯቸው። ደግሞም በማጉያው ውስጥ የሚታየው ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ቦታ ነው። ፊደሉ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቁት እትዬ ናቸው፤ ጋሼ የሚያውቁት መስመሩ አሁን ያለበትን ብቻ ነው።

«ሠላሳ አራት ዓመት ከመስመሯ በፀጉር ያህል አልወጣሁም» ይላሉ፤ እትዬ መስማታቸውን አረጋግጠው ደግሞ «በሌላው ነገር እንጃ» ብለው ይጨምራሉ።

ባለፈው ዝናብ ማብቂያ ላይ ሁለት ማኅተሞች ተመለሱ። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ መጣ፤ የ«በ» አንደኛው እግር ይጥመለመላል። ርእሰ መምህሩ ወረቀት ላይ መትተው አሳዩና ላለማስቀየም እየተሽኮረመሙ «ጋሼ፣ እጅዎ ትንሽ ደከም ሳይለው አልቀረም» አሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የጠበቃው ተከተለ፤ የዙሪያው ክብ አንድ ቦታ ላይ ተወላግዷል። ጠበቃው መሽኮርመም የሚባል ነገር አያውቁም፤ ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርገው «ይኼ ክብ ነው?» ብለው ብቻ ሄዱ።

በሠላሳ አራት ዓመት አንድም ተመልሶ አያውቅም ነበር። እትዬ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተው ብዙ ቆይተው ካዩ በኋላ «እጅህ ይንቀጠቀጣል» አሏቸው።

«የኔ እጅ?»

«ታዲያ የማን ይሁን? የጎረቤቱ?»

ጎረቤቱ እኔ ነኝ፤ በግድግዳው በኩል እየሰማሁ ነበር። ሳል እንኳ አፍኜ ያዝኩ።

እትዬ ያመኑበትን ነገር በአፍ ብቻ የሚተዉ ሰው አይደሉም። ሰባቱን መቅረጫ በጨርቅ ጠቅልለው ቤት ወስደው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉባቸው፤ ቁልፉ የሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ገባ። የነርቭ ሐኪም ሳያይህ አንድም አይወጣም አሉ። ጋሼ ደግሞ የገዛ እጄን የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም አሉ። ከዚያ በኋላ ሱቁ ጠዋት ይከፈታል፣ ጋሼ ባዶ ሞርሳ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ሲመሽ ይዘጋል። የመቅረጫው ቅርቅርታ ከግድግዳው ማዶ ሲጠፋብኝ ነው ምን ያህል ለምጄው እንደነበር የገባኝ። እንደ ልማዴ ዝም አልኩ።

መላ ያመጣችው ልጃቸው ናት፤ ባንክ ትሠራለች፣ የምትኖረው ሌላ ሰፈር ነው። አንድ ቅዳሜ መጥታ «አባዬ ይቅረጽ፣ በቪዲዮ ይነሳ፣ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ እዩትና ተፋረዱ» አለች። ስምምነቱ እሷ ባለችበት ተደረገ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ከታየ፣ ጋሼ መቅረጫዎቹን ለዘለዓለም ያስረክባሉ፣ ሐኪም ጋም ይሄዳሉ። ካልታየ እትዬ ቁልፉን ይመልሳሉ፣ ሁለተኛም ትንፍሽ አይሉም። እትዬ አንድ ቁራጭ ነሐስ ላይ አዲስ ጽሑፍ ነደፉ፣ ጋሼ ሞርሳው ላይ አሰሩት። ስልኩ የልጅቱ ነው፤ ገና ከካርቶኑ ከወጣ ወር ያልሞላው። የያዙት ግን እትዬ ራሳቸው ናቸው። «ለሌላ ሰው ያስመስላል፤ እኔን አያታልለኝም» ብለው ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው አምስት ደቂቃ አነሱ። ልጅቱ ቪዲዮውን እቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ ገልብጣላቸው ስልኳን ይዛ ሄደች።

ያ ኮምፒውተር አማቻቸው አዲስ ሲገዛ የተረፋቸው ነው። አማቻቸው በጎረምሳነቱ ጨዋታ ይጫወትበት ነበር፤ አሁን ሳሎን ጥግ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጦ እትዬ አንዳንድ ጊዜ ዜና ያነቡበታል። ባልና ሚስቱ ወንበር ስበው ፊቱ ተቀመጡ። ቪዲዮው ጀመረ። የመቅረጫው ድምፅ ሳይቋረጥ ይሰማል፤ ሥዕሉ ግን ቆመ። ከዚያ ብድግ ብሎ ዘለለ። እንደገና ቆመ። የጋሼ እጅ አንዴ ግራ ነው፣ ወዲያው ቀኝ ነው፤ መሐሉ የለም።

«ይኸው!» አሉ እትዬ። «እንዴት እንደሚዘል እይ!»

«የሚዘለው ኮምፒውተሩ ነው!»

«ኮምፒውተር እጅ አለው?»

ልጃቸው ጋ ተደወለ። ስልኳ ላይ አይታው ነበር፤ «አባዬ፣ መንቀጥቀጡስ ይንቀጠቀጣል» አለች በለሆሳስ። ጋሼ «መዳፍ በምታክል ስክሪን ዝሆን ቢንቀጠቀጥ አይታይም!» ብለው ዘጉባት። በነጋታው ሱቄን ሳልከፍት በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ና እስቲ፣ አንድ የሚንተባተብ ኮምፒውተር አለኝ። ምላሱን ፍታልኝ።»

ቪዲዮውን ፍላሽ ላይ አድርገው ያምጡልኝና እኔ ሱቅ እንየው አልኳቸው። አሻፈረኝ አሉ፤ መንገደኛ ሁሉ እየቆመ እጃቸውን ሊመረምርላቸው አይፈልጉም። እውነት አላቸው፤ የኔ ሱቅ ፊት ለፊት ሥራ ፈት አይጠፋም።

ቤታቸው ሄጄ ነገሩን አየሁ። አዲሱ ስልክ በከፍተኛ ጥራት ነው ያነሳው፣ በሰከንድ ስልሳ ሥዕል። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ፋይሉ ውስጥ ተጣጥፎ፣ ተጠቅጥቆ ነው የሚቀመጠው፤ ሲታይ ኮምፒውተሩ በየቅጽበቱ እየዘረጋ ማቅረብ አለበት። ያ ኮምፒውተር ደግሞ ትንፋሽ አጥሮት ከስልሳው ዐሥር ዐሥራ ሁለቱን እየዘረጋ ሌላውን ይጥለዋል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ አሰብ አደረጉ።

«እንግዲህ ከስልሳው አርባ ስምንቱ አልታየም ማለት ነው።»

«እንደዚያ በሉት።»

«ሰምተሻል እሜቴ?» አሉ ወደ ማድ ቤቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አርባ ስምንት ምስክር ሳይሰማ ነው የፈረድሽብኝ!»

እትዬ ከማድ ቤት «የመጡት ዐሥራ ሁለቱ በቂ ናቸው!» ብለው መለሱ።

የመጀመሪያ ቀን የሚደረገውን አደረግሁ። ከጀርባ ሳይታወቅ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ዘጋሁ፤ ሽፋኑን ከፍቼ ማራገቢያው ላይ የተጋገረውን አቧራ ጠረግሁ፤ ትራስ የሚሞላ ነበር። ኮምፒውተሩ ድምፁ ቀነሰ። ቪዲዮው ግን ያው ነው። በሁለተኛው ቀን ብልጠት አማረኝና የቪዲዮውን ጥራት ቀንሼ ሌላ ቅጂ ሠራሁለት። እንደ ውሃ ፈሰሰ። ጋሼን ጠርቼ በኩራት አሳየኋቸው። አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግተው አዩ።

«የእርሳሱ መስመር የታለ?»

«ጥራቱ ሲቀንስ ቀጫጭኑ ነገር ይጠፋል ጋሼ። እጅዎ ግን ይታያል።»

«እጄንማ ሲታጠብም አየዋለሁ። መስመሩ ካልታየ ከመስመር መውጣቴ በምን ይታወቃል?» ቀና አሉና ወገባቸውን ያዙ። «ይሄኛው ያበጠ ሰው ነው የሚመስለው። አጥፋው።»

አጠፋሁት። ትንሽም ተናድጄ ነበር፤ ሰው ያላመሰገነው ብልጠት ያስከፋል።

በሦስተኛው ጊዜ ከሱቄ ሁለት ሚሞሪ ይዤ ሄጄ ጨመርኩለት። ሦስት ዓይነት ማጫወቻ ፕሮግራም እየቀያየርኩ ሞከርኩ። የፋይሉን ቦታ ከአንዱ ዲስክ ወደ ሌላው አዛወርኩት። አንዱ ማጫወቻ ድምፁን አስቀድሞ ሥዕሉን ያስከትላል፣ ሌላው አረንጓዴ ቀለም ይረጭበታል፣ ሦስተኛው ጭራሽ አልከፍትም አለ። እትዬ ሻይ አምጥተው አጠገቤ አስቀመጡና «ኮምፒውተሩንስ ሐኪም ሦስቴ አየው፤ የቀረው ባለቤቱ ነው» አሉ። ሳቅሁ። ጋሼ አልሳቁም። በዚያን ቀን እስከ ሱቅ አብረውኝ በእግር ሲመለሱ ያላሰብኩትን ጠየቁኝ።

«አንተ እውነቱን ንገረኝ። ሲስተካከል እጄ ሲንቀጠቀጥ ቢታይስ?»

«ያኔ ይታወቃል» አልኩ።

«ያኔማ ይታወቃል» አሉ። ትንሽ ሄድን። «ሰባቱም መቅረጫ መያዣቸው በኔ መዳፍ ልክ ነው ያለቀው። ለሌላ ሰው አይሆኑም። ለኔም ካልሆኑ የማን ናቸው?»

አንጀቴን በሉት። ግን ሱቁ ደረስንና በሩን ከፈትኩ፣ ደንበኛ ይጠብቅ ነበር።

ለአራተኛ ጊዜ የሄድኩት ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። እትዬ ልጃቸው ቤት ሄደዋል፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመለሳሉ ተብሏል። እኔ ተስፋ ቆርጬ ኮምፒውተሩን ነቅዬ ሱቅ ልወስደው ነው የመጣሁት። ጠረጴዛውን ከግድግዳው ሳብ አድርጌ ኬብሎቹን ልነቅል ከኋላ ጎንበስ ስል አየሁት። አየሁትና እዚያው ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ።

የሞኒተሩ ኬብል የተሰካው ዋናው ሰሌዳ ላይ ካለችው ቀዳዳ ነበር። ከእሷ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ አማቻቸው ለጨዋታ ብሎ ያስገባው ግራፊክስ ካርድ አለ፤ ቪዲዮ መዘርጋት የእሱ ሙያ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲጓጓዝ ቀዳዳው ላይ የተደረገው የፕላስቲክ ክዳን እንኳ አልወለቀም። ኮምፒውተሩ እዚህ ቤት ሲመጣ ያገጣጠመው ሰው ኬብሉን ያገኘበት ቀዳዳ ሰክቶ ሄዷል። ካርዱ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ የሚሰጠው አጥቶ ተቀምጧል፤ ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ወድቋል። ደንበኞቼን «መጀመሪያ ከውጭ እዩ» እያልኩ የምቆጣ እኔ፣ ሁለት ጊዜ ሆዱን ከፍቼ አንድ ጊዜ ጀርባውን አላየሁም። ፊቴ ጋለ። ለጋሼ አልነገርኳቸውም፤ «አንድ ነገር ልሞክር» ብቻ አልኳቸው።

ክዳኑን አውልቄ ኬብሉን ወደ ካርዱ አዛወርኩ፤ ማጫወቻው ላይም ዝርጋታውን ለካርዱ እንዲተውለት አደረግሁ። ጋሼ ወንበራቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ቪዲዮውን ነካሁት።

እንዲህ ያለ ጥራት እኔም በዚያ ስክሪን ላይ ይወጣል ብዬ አልገመትኩም። ከመቅረጫው ጫፍ የሚነሳው የነሐስ ፍቅፋቂ ተጠምዝዞ ሲወድቅ ይታያል። የጋሼ አውራ ጣት ጥፍር ላይ ያለው ስንጥቅ ይታያል። የእርሳሱ መስመር ከነግራጫው ይታያል። ምንም አይዘልም፣ ምንም አይቆምም። ይንቀጠቀጣል ግን። ስስ፣ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ።

ጋሼ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት፣ እንዳይታይ እንደሚደብቅ ሰው። እኔ ማውሱን ማየት ጀመርኩ። ያን ያህል ደክሜ ያስተካከልኩትን ቪዲዮ መልሼ ብሰብረው ደስ ባለኝ።

«ቆይ» አሉ ድንገት። «መልሰው። አቁመው። እዚህ ጋ።» ጣታቸው ስክሪኑን ነካ። «ይኼ ማስመሪያ ነው። ማንም አልነካውም፣ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። እስቲ አስኪደው።»

አስኬድኩት። ማስመሪያውም ይንቀጠቀጣል።

«ሞርሳውን እይ! በአራት ብሎን ከጠረጴዛው ጋር ያሰርኩት ሞርሳ!» ሞርሳውም ይንቀጠቀጣል፤ ከእጃቸው ጋር እኩል፣ በአንድ ምት። ጋሼ ጭናቸውን በጥፊ መቱት። እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ሞርሳው ነርቭ አለው? ማስመሪያው ሐኪም ይየው? የኔ እጅ አይደለም! ሥዕሉ ነው! ሁሉም ነው የሚንቀጠቀጠው!» ብድግ ብለው ወደ በሩ ገሰገሱ። «እሜቴ! ኧረ አንቺ ሴት፣ ቁልፌን ይዘሽ ነይ!»

እትዬ ቤት እንዳልነበሩ ረስተውታል። በሩ ጋ ሲደርሱ ትዝ አላቸው መሰለኝ ቆሙ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙና አልዞር አሉ። በመጀመሪያ እትዬን ለመጠበቅ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ተመልሰው መጥተው ተቀመጡ፤ ሳቁ ከፊታቸው ላይ ጠፍቷል።

«ስልኩን የያዘው ማን ነበር?» አሉኝ።

እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ እሳቸውም ያንን ያውቃሉ። ግን ታሪኩን መንገድ ላይ ደጋግመው ነግረውኛል። «እትዬ ናቸው» አልኩ።

«በሁለት እጇ። ክርኗን አስደግፋ።»

እኔም የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰሞኑን እዚህ ቤት ሻይ ሲቀርብልኝ ሁልጊዜ እስከ ብርጭቆው ግማሽ ብቻ ነበር፤ ስኳር ስለማበዛ አዝነውልኝ ይሆናል ብዬ ነበር።

«ጫፉን አቅርብልኝ» አሉ ጋሼ። የመቅረጫውን ጫፍ ስክሪኑን እስኪሞላ አጎላሁት። ብረቱና የእርሳሱ መስመር ፊት ለፊት ተጋጠሙ። ጋሼ የ«በ»ን እግር ከላይ እስከ ታች ሲወርዱ አየን፤ መቅረጫው ከመስመሩ በፀጉር ያህል አልወጣም። መስመሩ ራሱ ግን ይወላገዳል። ወደ ግራ ሸርተት ሲል መቅረጫው ተከትሎት ሸርተት ይላል፣ ሲመለስ ይመለሳል። ታዛዥ ነው።

«መስመሯ ላይ ነኝ» አሉ ጋሼ። «እይ፣ አልወጣሁም።» በኩራት አልነበረም ያሉት። «የትምህርት ቤቱንም እንዲህ ነው የተከተልኩት። የጠበቃውንም።»

ቪዲዮውን አቆምኩት። አዘንኩ፤ ለሁለቱም እኩል አዘንኩ።

«ጋሼ፣ ሲመጡ በደንብ አድርገው ይንገሯቸው» አልኩ በመጨረሻ። «እርስዎ ነፃ ነዎት። ቁልፉን ይቀበሉ፣ እሳቸውም ይታከሙ።»

«እሷን አታውቃትም። አንዴ ጥርሷ ጉንጯን ዳቦ አሳክሎት ዘጠኝ ቀን ንፋስ ነው ስትል የከረመች ሴት ናት። ለራሷ ብላ ሐኪም ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም።» አገጫቸውን ዳበሱ። «እኔን ካሳለኝ ግን ከሐኪሙ ቀድማ ትደርሳለች።»

«ቢሆንም…»

«በዚያ ላይ እነዚያን ሁለት ማኅተሞች ስታይ አልቅሳለች። የኔ እጅ መስሏት። መስመርሽ ነው ልበላት? ሌላ ምን አላት እሷ፣ ከዚያ መስመር በቀር?» ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ በአገጫቸው አመለከቱ። «ቅድም የነካካኸው ምንድን ነው?»

«ኬብል ነው። ያለ ቦታው ተሰክቶ ነበር።»

«ወደነበረበት መልሰው።»

የሰማሁትን ተጠራጠርኩ። «ይቆራረጣል እኮ ጋሼ።»

«ይቆራረጥ። እንዲህ አጥርቶ ካሳያት እንደኔው ሞርሳውን ታያለች፤ ከኔ የፈጠነች ናት። የሚዘለው ነው ለሷ የሚበጃት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «ባክህ፣ ሳትመጣ።»

ከጠረጴዛው ኋላ ጎንበስ አልኩ። ሳምንታት የለፋሁበትን ነገር ነቅዬ እዚያው የተሳሳተው ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። የፕላስቲክ ክዳኑን ሳይቀር መልሼ ካርዱ ላይ ከደንኩ። በሙያዬ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ የተጠነቀቅሁበት ሥራ የለም።

እትዬ እንደተባለው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገቡ። ነጠላቸውን ሳያስቀምጡ ወደ ስክሪኑ መጡ። «እህ? ተፈታ ምላሱ?»

«አልተፈታም» አሉ ጋሼ። «አያስፈልግምም። ደጋግሜ አየሁት፤ እየተቆራረጠም ቢሆን የሚታይ ነገር ይታያል። ልክ ነሽ። እጄ ይንቀጠቀጣል።»

እትዬ ይፈነድቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ነጠላቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው እጃቸውን ከሥሩ ከተቱ። «ልክ ባልሆን ነበር የምፈልገው» አሉ። ወዲያው ግን ወደ እኔ ዞሩ። «እሱ መቼም ሲጀምር ድርቅ፣ ሲተው ደግሞ ጨርሶ ነው። አንተስ አይተሃል? በዓይንህ?»

ጋሼ አዩኝ።

«አይቻለሁ እትዬ» አልኩ። «ይንቀጠቀጣል።»

«መቅረጫዎቹ እዚያው ይቀመጡ፤ ቃል ቃል ነው» አሉ ጋሼ። «ማክሰኞ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። አብረሽኝ ትገቢያለሽ ግን።»

«ብቻህን ሂድ ያለህ ማን ነው? የሚሉህን ግማሹን ረስተህ፣ ግማሹን ዋሽተህ ልትመጣ?»

«ውጭ ወንበር ላይ አይደለም፣ ውስጥ። አንቺም እጅሽን ዘርግተሽ ታሳዪዋለሽ።»

«እኔ ደግሞ ምን ሆኜ?»

ጋሼ ኮምፒውተሩን አጥፍተው የጨርቅ ልብሱን አለበሱት፤ ጫፎቹን አስተካክለው እስኪጨርሱ ቀና አላሉም። «ምንም አልሆንሽም። ጤነኛ እጅ አጠገቡ ካላየ የኔን መታመም በምን ያውቃል?»

እትዬ ትንሽ አሰቡበት።

«እሱስ እውነትህን ነው» አሉ። «የኔን አይቶ ያመዛዝን።»